የኮምፒውተር መጽሐፍ ለማን ይጻፍ?

ለጀማሪዎች የሚሆን የኮምፒውተር መጽሐፍ በአማርኛ ለማዘጋጀት የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያወጣው የምዕራፎችን ዝርዝር ነው። የኮምፒውተር ትርጉም፣ የኮምፒውተር ታሪክ፣ የኮምፒውተር ክፍሎች፣ የኮምፒውተር ዓይነቶች እያለ ይቀጥልና ዝርዝሩ ሲያልቅ መጽሐፉ የታቀደ ይመስለዋል። በእኛ አስተያየት ግን ሥራው ገና አልተጀመረም። ከምዕራፎቹ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም መጽሐፉን የሚያነበው ማን ነው የሚለው ነው።

«ጀማሪ» ማለት ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። እንግሊዝኛ በመጠኑ የሚያነብ፣ ስልክ ሲነካካ ያደገ የባሕር ዳር የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ጀማሪ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ መዝገብ በእጁ ሲሞላ ኖሮ በድንገት ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠለት የወረዳ ሒሳብ ሠራተኛም ጀማሪ ነው። በጎልማሶች ትምህርት ማንበብ የለመደች፣ የሸጠችበትን ገንዘብ በስልክ የምትቀበል የነፋስ መውጫ ነጋዴም ጀማሪ ናት። ሦስቱ የሚያውቁትም የማያውቁትም የተለያየ ነው። ለሦስቱም በአንድ ጊዜ የተጻፈ መጽሐፍ የመጀመሪያውን ያሰለቸዋል፤ ሁለተኛውን ጥሎት ይሔዳል፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ከነጭራሹ አትገዛውም።

ስለዚህ አንድ አንባቢ መምረጥ ግድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ ያ አንባቢ አማርኛ አጥርቶ የሚያነብ፣ እንግሊዝኛ የማያውቅና የራሱ ኮምፒውተር የሌለው ሰው ይሁን የሚል ነው። ይህን ሰው በምናብ ብቻ እንዳንፈጥረው በእርግጥ የሚኖርበትን ቦታ እንጥቀስ። ቦታው በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት የሚገኘው ቤተ ልሔም ነው።

የቤተ ልሔም ተማሪ

እንደሚታወቀው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ነው። በሌላ ጉባኤ ድጓ የተማረ ሰው ትምህርቱን አጽንቶ በመምህርነት ለመታወቅ ወደዚህ መጥቶ ያስመሰክራል። ለዝማሬና ለመዋሥዕት ደግሞ እዚያው ጋይንት ውስጥ ዙር አምባ አለ። ተማሪው ከዚህ ደረጃ ለመድረስ ፊደሉን ቆጥሮ፣ ዳዊቱን ደግሞ፣ ጾመ ድጓውን ተምሮ፣ ከአገር አገር እየተዘዋወረና በቁራሽ እንጀራ እየኖረ ብዙ ዓመታት አሳልፏል። ግዕዝ ያነባል፤ አማርኛ ይጽፋል፤ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ከነዜማው በቃሉ ይዟል።

ይህ ሰው ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ እንዳልተማረ ይቆጠራል። ምክንያቱ የማስተዋል ማነስ አይደለም። መሣሪያው የሚያናግረው በማያውቀው ፊደል ነው፤ ስለ መሣሪያው የሚያስረዳው መጽሐፍም እንግሊዝኛ እንደሚያውቅ ቆጥሮ የተጻፈ ነው።

ነገሩ የመማር ጉጉት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስቸኮለን ነበር። ነገር ግን ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ መላክና መቀበል ወደ ስልክ ገብቷል። የዲጂታል መታወቂያም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። ስልኩን የሚያነብለት ሌላ ሰው የሚፈልግ ሰው የምሥጢር ቁጥሩንም ለዚያው ሰው ለመንገር ይገደዳል። ገንዘቡና ማንነቱ በሌላ ሰው እጅ ወደቀ ማለት ነው። የጀማሪ መጽሐፍ ከሚያድናቸው ነገሮች አንዱና ዋነኛው ይህ ነው ብለን እናምናለን።

ምልክቱ ለማን ተጻፈ?

የድጓ መጽሐፍ ራሱ ስለ አንባቢ ምርጫ የሚያስተምረን ነገር አለ። ከንባቡ በላይ በትንንሹ የሚጻፉትን የዜማ ምልክቶች በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው ይነገራል። ከእነዚህ መካከል ይዘት፣ ቅናት፣ ድፋት፣ ሂደትና ጭረት ይገኛሉ። ከእነርሱም ሌላ፣ በአኅጽሮት የተጻፉ ፊደላት ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ የያዘውን ዜማ ያስታውሱታል። ዜማውን ከመምህሩ አፍ የሰማ ሰው ምልክቱን ሲያይ ዜማው ትዝ ይለዋል። ያልሰማ ሰው ግን ምልክቱን ቢያፈጥበት ቢውል አያዜምም።

ይህ የምልክቱ ጉድለት አይደለም። ምልክቱ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ እንዲሆን ተዘጋጀ፤ ለጀማሪው መምህሩ አለለት። አዘጋጆቹ አንባቢያቸውን ለይተው ያውቁ ነበር።

ከመሣሪያዎች ጋር የሚወጡ መመሪያዎች አብዛኞቹ እንደነዚህ ምልክቶች ናቸው። «ፋይል የሚለውን ተጭነው ሴቭ አዝ የሚለውን ይምረጡ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ፋይል ምን እንደ ሆነ ለሚያውቅ ጥሩ ማስታወሻ ነው። ለማያውቀው ግን ዜማው ያልተሰማ ምልክት ነው። እንዲህ ያለውን መመሪያ ወደ አማርኛ መተርጎም ቋንቋውን ይለውጣል እንጂ አንባቢውን አይለውጠውም። በአማርኛ ተጽፎ እያለ ለጀማሪ የማይገባ መጽሐፍ የሚወጣውም በዚህ የተነሣ ነው።

በዚህ ረገድ በውጭው ዓለም የተደረገ ጥናት አለ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአይቢኤም የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ጆን ካሮል የጽሕፈት ፕሮግራም የሚማሩ የቢሮ ሠራተኞችን ቁጭ ብሎ ተመለከተ። ሠራተኞቹ ወፍራሙን መመሪያ በቅደም ተከተል አያነቡም ነበር። ገጽ እየዘለሉ ወደ ሥራው ይገቡና ሲሳሳቱ መውጫው ይጠፋቸዋል። ካሮልና ባልደረቦቹ በእውነተኛ ሥራ የሚጀምርና ስሕተት እንዴት እንደሚታረም የሚያሳይ አጭር መመሪያ አዘጋጅተው ሲሞክሩት ተማሪዎቹ በፍጥነት ተማሩ። ካሮልም ይህን ሁሉ በ1990 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የካሮል አንባቢ ከእኛው አንባቢ የተለየ መሆኑ ነው። የእርሱ አንባቢ ችኩል ነው፤ መሣሪያው ግን ከፊቱ ነው። የእኛው አንባቢ ታጋሽ ነው፤ መሣሪያው ግን ከፊቱ የለም። ስለዚህ ከካሮል የምንወስደው በሥራ መጀመርንና ስሕተት ማረምን ነው። የቀረውን ከንባብ ቤት እናገኘዋለን። በንባብ ቤት ተማሪው አንዱን ጽሑፍ መጀመሪያ በቁጥር፣ ቀጥሎ በግዕዝ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ይመላለስበታል። ጽሑፉ ያው ሆኖ እያለ ፍጥነቱና ጥራቱ ያድጋል። የኮምፒውተር መጽሐፍም አራት የተለያዩ ሥራዎችን አንድ አንድ ጊዜ ከሚያሳይ አንዱን ማመልከቻ አራት ጊዜ ቢያስጽፍ ይሻላል። መጀመሪያ ፊደል በፊደል፣ ቀጥሎ ስሕተት እያረሙ፣ ከዚያ አንቀጽ እያስተካከሉ፣ በመጨረሻም ያለ መጽሐፉ እገዛ ማለት ነው።

አማርኛው ራሱ ምረጡ ይለናል

በእንግሊዝኛ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» እና «እናንተ» የሚባሉት ሁሉ በአንድ ቃል ይጠራሉ። ስለዚህ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ደራሲ አንባቢው ማን እንደ ሆነ ሳይወስን መቶ ገጽ ሊጽፍ ይችላል። የአማርኛ ደራሲ ግን ከመጀመሪያው ትእዛዝ ላይ ይያዛል። «ተጫን» ካለ አንባቢው ወንድና ታናሽ ነው። «ተጫኚ» ካለ ሴት ናት። «ይጫኑ» ካለ የሚከበር ሰው ነው።

ብዙ ጸሐፊዎች በልማድ «አንተ» ይላሉ። ይህ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ ያስኬድ ይሆናል። ሦስት ደርዘን ደቀ መዛሙርት የሚያስተምር መሪጌታ ግን «አሁን ቁልፉን ተጫን» የሚለውን ሲያነብ መጽሐፉ ለልጆች የተጻፈ መሆኑን ይረዳና ያስቀምጠዋል። ሴቲቱ ነጋዴም በየገጹ ለሌላ ሰው የተነገረ ትእዛዝ ታነባለች። ስለዚህ መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር «እርስዎ» እንዲል እንመክራለን። «እርስዎ» ታላቁን ያከብራል፤ ወንድና ሴት አይለይም፤ ወጣቱንም አያስቀይምም።

በስያሜ ረገድም ውሳኔው ከአንባቢው ይነሣል። «ድረ ገጽ» እና «የይለፍ ቃል» የሚሉት አማርኛዎች በሕዝቡ ዘንድ ስለ ተለመዱ ልንጠቀምባቸው ይገባል። ማውስ፣ ኪቦርድ፣ ፋይልና ፍላሽ ግን በሱቁም በቢሮውም የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። አንባቢያችን ፍላሽ ሊገዛ ደብረ ታቦር ሲወርድ ባለ ሱቁ በማያውቀው አዲስ ቃል ቢጠይቅ የሚያፍረው እርሱ ነው፤ ደራሲው አይደለም።

ፊደልና ኪቦርድ

የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ በኮምፒውተር አማርኛ መጻፍ የቴክኒክ እንቆቅልሽ መሆኑ ቀርቷል። ለጀማሪው ግን አሁንም እንቆቅልሽ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ኪቦርዱ ላይ ያሉት የፊደል ቁልፎች ግን 26 ናቸው፤ የተጻፈባቸውም ላቲን ነው። መጻሕፍቱ «ሰላም ለማለት እንደሚሰማው በላቲን ይጻፉ» ብለው ያልፋሉ። ላቲን ለማያውቅ ሰው ይህ ማብራሪያ አይደለም።

የእኛው አንባቢ ግን ሌላ እውቀት አለው። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ የሚለውን ሥርዓት ከማንም በላይ ያውቀዋል። በተለመዱት የአጻጻፍ ፕሮግራሞች የመጀመሪያው ቁልፍ የፊደሉን ቤት በሳድሱ ያወጣል፤ ሁለተኛው ቁልፍ ወደሚፈለገው ሥርዓት ይለውጠዋል። ስለዚህ «የለ ቤት ይህ ቁልፍ ነው፤ ካዕብ የሚያደርገው ያ ቁልፍ ነው፤ ራብዕ የሚያደርገው ይኸኛው ነው» ብሎ በአንድ ሰንጠረዥ ማስረዳት ይቻላል። ለአሥረኛ ክፍሉ ተማሪ ይህ ማብራሪያ ሊከብደው ይችላል፤ ለድጓ ተማሪ ግን የሚያውቀውን ነገር በአዲስ ቦታ ማየት ነው። አንባቢን መምረጥ የሚጠቅመው በየትኛው እውቀት ላይ እንደምንገነባ ስለሚነግረን ነው።

በመጽሐፉ መጨረሻ በእውነተኛ መጠኑ የተሣለ፣ የሚዘረጋ የወረቀት ኪቦርድ ቢኖር ደግሞ ኮምፒውተር የሌለው አንባቢ ጣቶቹን ያለማምድበታል። ወደ ኮምፒውተሩ የሚሔደው ቦታውን አውቆ ይሆናል።

ቅደም ተከተሉ

አንባቢው ከታወቀ የምዕራፎቹ ቅደም ተከተልም ይለወጣል። የኮምፒውተር ታሪክ መጀመሪያ መሆኑ ይቀራል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ስልክ ይሁን። ስልክም ኮምፒውተር ነውና፤ ብዙው ሰው መጀመሪያ የሚጨብጠውም እርሱን ነው። የምሥጢር ቁጥር ምን እንደ ሆነ፣ ለምን ለማንም እንደማይነገር፣ ከማይታወቅ ሰው የመጣ መልእክት ለምን ወዲያው እንደማይታመን እዚያው ይነገር።

ሁለተኛው ምዕራፍ ጽሑፍን ስለ ማስቀመጥ ይሁን። በአዲስ አበባም በጋይንትም መብራት ይጠፋል። ለሦስት ሰዓት የተለፋበት ጽሑፍ በአንድ ቅጽበት የጠፋበት ጀማሪ ሁለተኛ ወደ መሣሪያው ላይመለስ ይችላል። ምክንያቱን ደግሞ ማስረዳት ይገባል። ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ሳለ ጽሑፉን የሚይዝበት ጊዜያዊ ማኅደር ራም ይባላል። ራም እያንዳንዱን መረጃ የሚይዘው በጥቃቅን ካፓሲተሮች ውስጥ በተጠራቀመ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ይህ ቻርጅ እየሾለከ ስለሚያልቅ በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ መታደስ አለበት። መብራት ሲጠፋ የሚያድሰው የለም። ፍላሽ ግን ኤሌክትሮኖቹን ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ንብርብር ከብቦ ስለሚይዛቸው ኃይል ባይኖርም ለዓመታት ይቆያሉ። ተማሪው ነገሩን እንዲህ ሊይዘው ይችላል፤ ራም በአፈር ላይ በጣት የተጻፈ ነው፤ ፍላሽ በብራና ላይ በቀለም የተጻፈ ነው።

ስለ ፕሮግራም የሚናገረው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ መምጣቱ ግን አይቅር። የቤተ ክህነት ተማሪ ባሕረ ሐሳብን ከተማረ ፕሮግራም ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ የማያውቀው ስሙን ነው። ለምሳሌ ለ2018 ዓ.ም. 5500 ሲደመርበት 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል ቀሪው 13 ነው፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ነው። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል፤ 18 ስለ ሆነ መስከረም 18 ቀን ዋለ ማለት ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ የተሰጠ መረጃ አለ፤ ቅደም ተከተል ያለው ትእዛዝ አለ፤ «ይህ ከሆነ እንዲህ አድርግ፣ ካልሆነ እንዲያ» የሚል ምርጫ አለ። ፕሮግራም የሚባለው ይኸው ነው። ይህን ስሌት በኮምፒውተር ላይ በሠንጠረዥ ሠርቶ የመቶ ዓመት አጽዋማትና በዓላትን ያወጣ ተማሪ መሣሪያውን ከዚያ በኋላ አይፈራውም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ መጽሐፍ የሚገዛው የከተማ ተማሪ ነውና ለእርሱ ካልተጻፈ አይሸጥም የሚለው ነው። የከተማው ተማሪ ግን ኮሌጅ አለው፤ ጓደኛ አለው፤ የቪዲዮ ትምህርት አለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር የመሰለ በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርትም አለለት። የወረቀት መጽሐፍ የሚያስፈልገው ኔትወርክ ለማይደርሰው ሰው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱን እናስታውሳለን። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያስተምረው በእጅ ያለ መጽሐፍ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ እንግሊዝኛ ሳይታወቅ ኮምፒውተር አይታወቅም የሚል ነው። እንግሊዝኛ እንደሚጠቅም አንክድም። ነገር ግን ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. በቴሌስኮፕ ያየውን ለአውሮፓ ሊቃውንት በላቲን ጻፈ፤ በ1632 እ.ኤ.አ. ስለ ሁለቱ የዓለም ሥርዓቶች የሚናገረውን መጽሐፉን ግን በአገሩ ቋንቋ በጣልያንኛ አወጣው። በላቲን የማያነበው ያገሩ ሰውም አንባቢው እንዲሆን ስለ ፈለገ ነው። በአገራችንም በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሒዷል። ለጎልማሳ በሚያውቀው ቋንቋ ማስተማር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው መጽሐፉ ቶሎ ያረጃል የሚለው ነው። የአንድ ፕሮግራም አዝራሮችን የሚዘረዝር መጽሐፍ በእርግጥ በሁለት ዓመት ያረጃል። ጽሑፍ ለምን እንደሚቀመጥ፣ የምሥጢር ቁጥር ለምን እንደሚጠበቅ፣ ስሕተት እንዴት እንደሚመለስ የሚያስረዳ ግን በቀላሉ አያረጅም።

አራተኛው፣ ለእኛ ከሁሉም የሚከብደው፣ የቤተ ልሔም ተማሪዎች በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ ሁሉም ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሌላው ዜጋ የት ይግባ የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ የቤተ ልሔምን ተማሪ የመረጥነው የእውቀቱ መጠን መለኪያ እንዲሆነን ነው። አማርኛ አጥርታ የምታነብ፣ እንግሊዝኛ የማታውቅ የነፋስ መውጫ ነጋዴም በዚያው መለኪያ ትገኛለች። ስለዚህ የባሕረ ሐሳቡ ምሳሌ ጎን የእቁብና የእድር ሒሳብ፣ የእህል ዋጋ ዝርዝር፣ የልጅ ትምህርት ቤት ማመልከቻ ይቁም። ምሳሌዎቹ ይብዙ፤ አንባቢው ሊያውቀው የሚጠበቅበት ነገር ግን ከዚያ መለኪያ አይለፍ።

ከኅትመት በፊት

የመጽሐፉ ረቂቅ ሲያልቅ የሚመረምረው የኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ መሆን የለበትም። ባለሙያው ስሕተት ያገኛል፤ ያልገባ ነገር ግን አያገኝም፤ ሁሉም ይገባዋልና። ረቂቁን ይዞ ጋይንት መውረድ፣ ለመረጥነው አንባቢ መስጠት፣ ከአጠገቡ ቁጭ ብሎ አለመናገር ያስፈልጋል። አንባቢው የቆመበት ቃል፣ መልሶ ያነበበው አንቀጽ፣ የተሳሳተበት ቁልፍ ይመዝገብ። የሚታረመው እርሱ ሳይሆን ገጹ ነው።

በጉባኤ ቤት ልማድ ነባሩ ተማሪ አዲሱን ያስቀጽላል። መጽሐፉን የጨረሰ አንድ ተማሪ ቀጥሎ ለሚመጣው ያሳያል፤ የሚያስተምር ባለሙያ ከከተማ እስኪመጣ አይጠበቅም። ከሁሉም በፊት ግን መጽሐፉን ለማዘጋጀት የምናስብ ሁሉ፣ የምዕራፎቹን ዝርዝር ከማውጣታችን አስቀድሞ፣ የአንባቢያችንን ማንነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈን እንስማማ። ከእኛ የተለየ አንባቢ የመረጠ የሥራ ባልደረባ ቢኖር ምርጫውን ከነምክንያቱ በዚሁ መጽሔት ላይ ቢያቀርብ በደስታ እንወያይበታለን።